ግድቡ ሞልቶ ሳለ መቆጠብ

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አገር ምድሩ መብራት በፈረቃ ነበር። የጊቤ 3 ውሃ ወርዶ የ476 ሜጋ ዋት ጉድለት ተፈጠረ። ለሱዳንና ለጅቡቲ ይላክ የነበረው ኃይልም ተቋረጠ። እኔ ያኔ የምሠራው በሌላ፣ አነስ ባለ ግድብ ላይ ነበር። ሥራዬ የውሃ ዕቅድ ማውጣት ነው። ጎረቤቶቼ ማታ በር ላይ ሲያገኙኝ "አንቺ እዚያው አይደል የምትሠሪው? ነገ ፈረቃው የማን ነው?" ይሉኝ ነበር።

መልስ አልነበረኝም። የእኛም ግድብ ውሃ በየቀኑ እየሸሸ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ስህተቱ የተሠራው ግንቦት ላይ አይደለም፤ ጥቅምት ላይ ነው። ያን ጊዜ ግድቡ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁላችንም ደስ ብሎናል። ዩኒቶቹን፣ ማለትም ተርባይንና ጀነሬተሮቹን፣ ሁሉ ሌት ተቀን እናሠራ ነበር። ዕቅዱን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። የብዙ ዓመት የወንዝ ፍሰት ደምሬ፣ አካፍዬ፣ አማካዩን ወሰድኩ። "በበልግ ይህን ያህል ውሃ ይገባል" ብዬ ጻፍኩ። የበልጉ ዝናብ ዘገየ። ሲመጣም ትንሽ ነበር።

ግድብ ላይ ያልሠራ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ውሃ ሲጎድል ጉዳቱ ድርብ ነው። ተርባይኑን የሚያዞረው የውሃው መጠን ብቻ አይደለም፤ የሚወርድበት ከፍታም ጭምር ነው። ከ200 ሜትር ላይ ለሚወርድ ውሃ፣ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ለማግኘት 2 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃል። ከፍታው ወደ 160 ሜትር ሲቀንስ ለዚያው ኃይል 2.5 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ግድቡ በጎደለ ቁጥር የቀረችውን ውሃ በባሰ ፍጥነት እንጨርሳታለን። በጥቅምት የለቀቅኩት ውሃ የግንቦቱንም ከፍታ ይዞት ሄዷል። ይህን በወረቀት ሳሰላው አለቀስኩ።

ከዚያ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ከግድቡ በላይ የወንዙን መለኪያ ወደሚያነቡ ሽማግሌ ነው። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ቁጥሩን በደብተር ይጽፋሉ። "ጋሼ፣ ወንዙ ተለውጧል?" አልኳቸው። "ልጄ፣ ድሮ ዝናቡ እያረሰረሰ ይውል ነበር። አሁን አንድ ከሰዓት ገርፎን ይሄዳል" አሉኝ። ደብተራቸውን ሳገላብጥ እውነታቸውን ነው። የዓመቱ ድምር ብዙም ላይለወጥ ይችላል። አመጣጡ ግን ሌላ ሆኗል። አማካይ ደግሞ ይህን ይደብቃል።

ስለዚህ አማካዩን ተውኩት። በመዝገብ ያለውን እያንዳንዱን ዓመት ለየብቻ አወጣሁ። "የ2007 ክረምት ዘንድሮ ቢደገምስ?" እያልኩ በግድባችን ላይ አስኬድኩት። ያ ክረምት የኤልኒኞ ክረምት ነበር፤ ድርቁን የማያስታውስ የለም። ሁለት መጥፎ ዓመት ቢከታተልስ ብዬም ሞከርኩ። ያን ቀን ኤክሴሉ ያሳየኝን አልረሳውም። በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ግድቡ ባዶ ነው።

ከዚህ በመነሳት ሩል ከርቩን፣ ማለትም የውሃ አጠቃቀም መመሪያ መስመሩን፣ እንደገና አወጣን። በየወሩ ውሃው ሊኖርበት የሚገባ ከፍታ ነው። ከመስመሩ በታች ከወረደ መጀመሪያ የሌሊቱን ምርት እንቀንሳለን። የበለጠ ከወረደ የአገሪቱን የኃይል ስርጭት ለሚቆጣጠረው ዲስፓች ማዕከል አስቀድመን እናሳውቃለን፤ ጉድለቱን ከሌላ ቦታ ለመሸፈን ጊዜ ያገኛሉ።

ከባዱ ነገር ስሌቱ አልነበረም። አለቆቼን ማሳመን ነበር። "ግድቡ ሞልቶ ለምን ዩኒት እናቆማለን?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መጀመሪያ በመቶኛ አስረዳሁ፣ ማንም አልሰማኝም። ቀጥሎ በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለውን የካሪባ ግድብ ታሪክ ይዤ ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ እዚያ ኃይል ለማመንጨት የሚውለው ውሃ ከ5 በመቶ በታች ወርዶ፣ ዚምባብዌ ማመንጨት እንድታቆም ተነግሯት ነበር። ያን ያህል ግዙፍ ሐይቅ! በመጨረሻም የእኛን ጉድለት ወደ ሰዓት ቀየርኩት። ስንት ቤት፣ ስንት ሰዓት ጨለማ። ያኔ ነው ክፍሉ ጸጥ ያለው። አደጋን ለሰው የምታስረዱ ከሆነ ሰውየው በሚኖርበት መለኪያ አስረዱት።

ትንበያ ላይም ተሳስቻለሁ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያውን በዕድል መልክ ነው የሚሰጠው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች እያለ። እኔ ትልቁን ቁጥር አንስቼ እንደ እርግጠኛ ነገር እይዘው ነበር። አሁን ሦስቱንም ወደ ስሌቱ አስገባለሁ። ደረቁ ዕድል ትንሽ ቢሆን እንኳ ቦታ አለው።

ውሃ መያዝ ግን የራሱ አደጋ አለው። ይህን የተማርኩት በሰው ኪሳራ ነው። አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ውሃውን ከፍ አድርጌ ይዤ ነበር። ድርቅ ፈርቼ ነው። በላይ በኩል በሁለት ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፣ የማስተንፈሻ በሩን መክፈት ግድ ሆነ። ማስጠንቀቂያው በደብዳቤ ወደ ወረዳ ሄደ። ደብዳቤው ሳይደርስ ውሃው ደረሰ። ሰው አልሞተም። አንድ ገበሬ ግን የሽንኩርት ማሳውንና የውሃ ፓምፑን አጣ። ሄጄ አየሁት፤ ማሳው ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። ምን እንደምለው ጠፋኝ። አሁን ከግድቡ በታች ባሉት ቀበሌዎች የውሃ አባቶች (የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍሉ ሰዎች) እና የገበሬዎች ስልክ ቁጥር ከእኔ ዘንድ አለ። በር ከመከፈቱ በፊት በቀጥታ እንደውላለን። ነሐሴ ላይም ለጎርፍ የሚሆን ባዶ ቦታ እንተዋለን፤ ትንሽ ኃይል ብናጣም።

አንድ ግድብ ብቻውን ይህን ሁሉ አይችልም። ነፋስ በጣም ይረዳናል። የነፋስ ኃይል ማመንጫ ባለባቸው አዳማና አሸጎዳ ላይ ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው፣ እኛ ውሃ በምንቆጥብበት ወቅት። በደቡብ ምሥራቅ ያለው የገናሌ ዳዋ ተፋሰስም ዝናቡ በበልግና በመኸር ስለሆነ ከአባይ ጋር አብሮ አይደርቅም። አገሪቱ ከሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ጎን ለጎን ነፋስ፣ ፀሐይና የከርሰ ምድር እንፋሎት መጨመሯን ብትቀጥል የእኔ ዓይነቱ ባለሙያ ይተነፍሳል።

የቀረኝ ትልቁ ሥራ ደለል ነው። የቆቃ ግድብ በደለል መሞላቱን የሰማ ሰው ይገባዋል። ያ የሚገርፈው ዝናብ አፈሩን ጠራርጎ ወደ ግድቡ ያመጣዋል። የምንጠቀምበት የከፍታና የውሃ መጠን ሠንጠረዥ ግን ግድቡ ሲሠራ የተዘጋጀው ነው። ሠንጠረዡ ውሃ አለ የሚልበት ቦታ ላይ ጭቃ አለ። በጀልባ ሆነን የግድቡን ወለል እንደገና እንድንለካ ጥያቄ አቅርቤያለሁ። እስኪፈቀድ ድረስ የሠንጠረዡን ቁጥር ቀንሼ ነው የማሰላው። በየጥቅምቱም ስለዚህ እንከራከራለን።