መቀነቴ ያጠረኝ ጊዜ

ሁዳዴን ሁልጊዜ የምጨርሰው ቀሚሴ እየሰፋኝ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት በሆሳዕና ዕለት ግን፣ አዘዞ ከቤቴ ልወጣ ስል፣ መቀነቴ ለቋጠሮ አልደርስ አለኝ። እታለም አይታ «ሳትጾሚ ነው እንዴ የከረምሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ክንዴ ከስቶ ሆዴ ብቻ መግፋቱን ማናችንም ልብ አላልነውም።

ጨጓራ ነው አልኩ። ሽሮና ምስር እየበላ የሚነፋውን ሰው ማን ይጠረጥራል? ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም ኦሜፕራዞል ይዤ ተመለስኩ፤ ሆዴን በእጁ የነካኝ ሰው ግን አልነበረም። ከፋሲካ በኋላም ያው፤ ሁለት ጉርሻ ጥግብ ያደርገኛል፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ። ደግሞ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አድርጌ «ነጻ ነሽ» ተብያለሁና ልቤ ሙሉ ነበር። ያ ምርመራ የሚያየው በሩን ብቻ ነው፤ እንቁላል ማምረቻውን፣ ኦቫሪ የሚሉትን፣ ጭራሽ አያይም። ያን ቀን ይህን የነገረኝ አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የጠቀመኝ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ካላንደር ነው። ግንቦትን ሙሉ ሆዴ የነፋኝን ቀን በእስክሪብቶ ከበብኩ፤ ከ30ው 19 ሆነ። ከሚስማሩ አውርጄ፣ ጠቅልዬ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ዶክተሯ ክቦቹን በጣቷ ቆጠረች። እንዲህ ያለ ምልክት አዲስ መጥቶ በወር ከ12 ቀን በላይ ከተመላለሰ፣ በተለይ ከ50 ዓመት በኋላ፣ ዝም አይባልም አለችኝ። እኔ 52 ነኝ።

አልትራሳውንዱ በግራ በኩል ትልቅ እጢ አሳየ። ሲኤ-125 የሚባለው የደም ምርመራም ከተለመደው ወሰን፣ ከ35፣ በላይ ሆነ። ይህ ብቻውን ካንሰር አያሰኝም፤ የሆድ ቲቢም ከፍ ያደርገዋል፣ እኛ ዘንድ ቲቢ መች ጠፍቶ። «በመርፌ ቀድታችሁ እዩልኝ» ብዬ ለመንኩ። እምቢ አለች፦ እጢው ከፈሰሰ ሴሉ በሆድ ዕቃዬ ይበተናል፣ መውጣት ያለበት እንዳለ ነው። እንዳለ ወጣ። ካንሰር ነበር፤ ከኦቫሪው ግን አላለፈም። ዕድልም ረድቶኛል፤ ብዙዎች ምልክቱን የሚያዩት ከተሰራጨ በኋላ ነው።

ልጄ «እኔስ በየዓመቱ ልመርመር?» ብላ ጠየቀች። እንግሊዝ አገር ከ200,000 በላይ ሴቶች ተሳትፈውበት በዚሁ ደምና አልትራሳውንድ ተሞክሮ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል፤ ጤነኛዋን ላልተፈለገ ቀዶ ሕክምናም ይዳርጋል። ዶክተሯ የጠየቀችን ሌላ ነገር ነው፤ በዘራችሁ የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር ያለበት አለ? በእናትም በአባትም።

ዳባት አጎቴ ዘንድ ደወልን። «የአባትሽ እኅት ሆዷ ውኃ ቋጥሮ ነው የሞተች» አሉኝ። በሽታውን የሚያውቅ የለም። እሱንም እንዳለ በልጄ የሕክምና ካርድ ላይ አስጻፍኩት።