ጦስኝና ነጭ ሽንኩርት ለጫጩት፦ የ8 ሳምንት ማስታወሻዬ

ሱሉልታ ላይ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካለፈው ዙር ድረስ ጫጩት በገባ ማግስት ያን ቢጫ የኦክሲቴትራሳይክሊን (አንቲባዮቲክ ነው) ዱቄት ውሃ ላይ እበጠብጥ ነበር፤ ታመው ሳይሆን «እንዳይታመሙ»። ጎረቤቶቼም እንደዚያው ስለሚያደርጉ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የአውሮፓ ኅብረት ለማፋፊያ ብቻ ተብሎ አንቲባዮቲክ መኖ ውስጥ መጨመርን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል፤ መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ የለመደ ባክቴሪያ ነገ ሰው ሲታመምም አይበገርምና።

ዘንድሮ ዱቄቱን ትቼ ሳሶ የተባለ ዝርያ 120 ጫጩት አስገብቼ ቤቱን በሽቦ ለሁለት ከፈልኩት። ለግራዎቹ 60 ምንም የለም፤ ለቀኞቹ 60 ጦስኝና ነጭ ሽንኩርት። ጦስኝ ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ንጥረ ነገሮች የባክቴሪያን ሽፋን ይጎዳሉ። አድርቄ ወቅጬ በኪሎ መኖ 10 ግራም አደረግሁ። ነጭ ሽንኩርቱን ጨፍልቄ ውሃ ውስጥ ጨመርኩ።

ይሄ ስህተት ነበር። ያደረው ውሃ ጠዋት ይከረፋል፣ መጠጫው ይዝለገለጋል። ጫጩቶቹ መጠጣት ቀነሱ፤ ያልጠጣ ጫጩት ደግሞ መኖም አይነካም። በ9ኛው ቀን ሽንኩርቱን ወደ መኖው አዞርኩት፣ በየጠዋቱ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ። (ባለቤቴ የዶሮ ቤቱ ገና ሳይታረዱ ወጥ ወጥ ይሸታል ትላለች።)

በ4ኛው ሳምንት ደም የቀላቀለ ኩስ አየሁ። ያውም በቀኙ ክፍል፣ ጦስኝ በሚበሉት! እጄ ወደ ቢጫው ዱቄት ሊሄድ ምንም አልቀረው። የእንስሳት ሐኪሟን ጠራሁ። ከሞቱት አንዱን ከፍታ አየችና ኮክሲዲያ ነው አለች፤ ባክቴሪያ ሳይሆን የአንጀት ጥገኛ ነው። ለሁለቱም ክፍል አምፕሮሊየም የተባለውን የኮክሲዲያ መድኃኒት ለ5 ቀን አዘዘች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉዝጓዙን ጨበጥ አደረገች፤ ሰጋቱራው እጇ ላይ እንደ ሊጥ ቀረ። ለካ የቀኙ መጠጫ ሲያንጠባጥብ ከርሟል። የኮክሲዲያ እንቁላል እርጥበት ካላገኘ አይበስልም። የዚያኑ ዕለት ጠርጌ በደረቅ ተካሁት።

በ8ኛው ሳምንት ከየክፍሉ 10 መዘንኩ። ጦስኝ የበሉት በአማካይ 20 ግራም በለጡ። ያ ግን ዶሮዎቹ ሚዛን ላይ ሳይወጡ ውሃ ቢጠጡ የሚመጣ ልዩነት ነው። ከቀኙ 6 ሞቱ፣ ከግራው 4። ስለዚህ ጦስኙ ሠርቷል አልላችሁም፤ መጠጫው ሙከራዬን አበላሽቶታል። የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባትም ለሁሉም ሰጥቻለሁ፤ ያንን ጦስኝ አይተካውም።

እኔን ያስገረመኝ የግራው ክፍል ነው። ዱቄትም ጦስኝም ሳይቀምሱ ከ60ዎቹ 56 ተርፈዋል። ባለፈው ዙር ዱቄቱን እየጠጡ ከ100 ውስጥ 11 ሞተውብኝ ነበር። ያኔ ክረምት ነበር፣ የማሞቂያ ከሰልም ቆጥቤ ነበር፤ ቢሆንም ዱቄቱ ለምን እንደነበር ዛሬ ንገረኝ ብትሉኝ መልስ የለኝም።

ለሚቀጥለው ዙር ሁለቱንም መጠጫ በጫጩቶቹ ጀርባ ቁመት ልክ ሰቅያለሁ። ጦስኙ አሁን ወደ ግራው ክፍል ይዞራል፣ ሽንኩርቱን ትቼዋለሁ። ጫጩቶቹ ሐሙስ ይገባሉ።