«ጀባ» ማለት ምን ማለት ነው?

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! ደሴ ዛሬ ጠዋት ጉም ለብሳለች፤ የጦሳ ተራራ እንኳ አይታይም። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ አደዩ በር ላይ ነው፣ ጎረቤቶቻችንም ለቡና ተጠርተው መጥተዋል።

እናቴ አቦሉን ቀድታ «ጀባ» አለችኝ። ያን ጊዜ ነገር መጣብኝ። ይህን ቃል ለወሎ እንግዳ ለሆነ ሰው እንዴት ነው የምፈታው? «እንካ» አይደለም፤ እንካ ውስጥ ምርቃት የለም። «ተቀበል» ደግሞ ትእዛዝ ትእዛዝ ይሸታል። ቶናው ደረሰ፣ እኔ ግን እዚያው ነኝ። አንድ ቃል እንዲህ ካንገላታኝ፣ ሺዎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ የፈታው ሰው ምን ያህል ይንገላታ!

ለንደን ውስጥ ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ሰውዬው የራሱን ሙያ ሲፈታ፣ መዝገበ ቃላት ጸሐፊ ማለት ጉዳት የሌለው ለፍቶ አዳሪ ነው ብሎ ቀልዷል።

እኔም እዚህ አንዲት ክፍል ብትሰጠኝ ስለ እኛ መዝገበ ቃላት ዐውደ ርእይ አዘጋጅባት ነበር። ቦታውንም መርጫለሁ፦ ንጉሥ ሚካኤል ካሠሩት የግብር አዳራሽ ከአይጠየፍ አጠገብ። ስሙ ራሱ ፍቺ የሚፈልግ ቃል ነው።

በሩ ላይ አምሳሉ አክሊሉን አስቀምጣለሁ። የደሴ ልጅ ናቸው፤ ካይሮም ጀርመንም ተምረዋል። ተማሪ ሳለን የምንሻማው እንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት የእሳቸው ነበር። የእኛው ቅጂ ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለነበር፣ የአገሬ ሰው ሥራ መሆኑን ሳላውቅ ስንት ዓመት አገላበጥኩት! ከዳኛቸው ወርቁ ጋር ያዘጋጁት «የአማርኛ ፈሊጦች»ም ከጎኑ ይቀመጣል።

ቀጥሎ አባ ጎርጎርዮስ። የተወለዱበት መካነ ሥላሴ ዛሬ ወሎ የምንለው አገር ነው። በ1652 እ.ኤ.አ. ጀርመን ድረስ ሄደው ጀርመናዊውን ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍን ቋንቋችንን አስተማሩት። ሉዶልፍ የአማርኛ-ላቲን መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው በ1698 ነው። አባ ግን ይህን አላዩም። ከ40 ዓመት በፊት ባሕር በልቷቸው ነበር።

የመሐሉን ጠረጴዛ የሚይዘው ግን የግእዙ ትልቅ መዝገበ ቃላት ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ ለኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ፤ እሳቸውም ሳያሳትሙት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ለኅትመት አበቁት። ሦስት ዕድሜ፣ አንድ መጽሐፍ። (መጀመሪያ የከፈትኩት ቀን «ሀ» ብዬ ልጀምር ብል በ«አ» ይጀምራል፤ አ በ ገ ደ! ግራ ገብቶኝ ዘጋሁት።)

መውጫው ላይ ባዶ ካርዶችና እስክሪብቶ። ጎብኚው ከእናቱ የሰማውን አንድ ቃል ጽፎ ይሄዳል። የእኔ ካርድ ላይ «ጀባ» ተጽፏል፣ ፍቺው ገና ነው። የሚሆን ካላችሁ ላኩልኝ።

በረካው ደረሰ። ጀባ!