ከብሌችሊ እስከ ማንችስተር፦ ቀደምት ኮምፒዩተሮችን ሲሠሩ ለማየት

ከለንደን ዩስተን ጣቢያ ወደ ብሌችሊ የሚሄድ ሰው በየጣቢያው የሚቆመውን ባቡር ይያዝ። ወደ ሰሜን የሚከንፉት የረጅም ርቀት ባቡሮች ብሌችሊ ላይ አይቆሙም። ጉዞው አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከጣቢያው እስከ ግቢው ያለው ደግሞ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተው በሩ ላይ ነው፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ምስጢር ፈቺዎች ይሠሩበት የነበረው ብሌችሊ ፓርክና ብሔራዊው የኮምፒዩተር ሙዚየም ጎን ለጎን ቢሆኑም የተለያዩ ተቋማት ናቸው፤ መግቢያቸውም ትኬታቸውም ለየብቻ ነው። ሙዚየሙ በየቀኑ ስለማይከፈት ቀኑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። እኔ የሄድኩት ማሽኖቹ ሲሠሩ ለማየት ስለነበር በቀጥታ ወደ ሙዚየሙ፣ ኤች ብሎክ ወደሚባለው ሕንፃ አመራሁ።

በጦርነቱ ጊዜ የጀርመኖችን የምስጢር መልእክት ለመፍታት የተሠራው ኮምፒዩተር፣ ኮሎሰስ፣ ያለበት ክፍል ይሞቃል። 2,400 ገደማ የሚሆኑ ቫልቮች፣ ማለትም ውስጣቸው የጋለ ሽቦ ያለባቸው የመስታወት ቱቦዎች፣ በአንድ ላይ ሲበሩ ሙቀቱ ፊት ላይ ይሰማል። ይህ ከጦርነቱ የተረፈ ማሽን አይደለም። በጦርነቱ ማብቂያ 10 ኮሎሰሶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ተፈታቱ፣ ንድፎቻቸውም ተቃጠሉ። ቶኒ ሴልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከጥቂት ፎቶግራፎችና መሐንዲሶች በእጃቸው ካስቀሯቸው ቁርጥራጭ ንድፎች ተነስተው መልሰው ሠሩት።

ኮሎሰስን የፈጠረው የሒሳብ ሊቁ አለን ቱሪንግ ነው ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ልክ አይደለም። የቱሪንግ እጅ ያለበት ማሽን ቦምብ የሚባለውና ኤኒግማ የተባለውን የጀርመኖች የምስጢር ማሽን ምስጢር ለመፍታት የዋለው ነው፤ ዳግመኛ የተሠራው ቦምብም እዚሁ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ኮሎሰስን የነደፈው በዶሊስ ሂል የፖስታ ቤት ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው የስልክ መሐንዲስ ቶሚ ፍላወርስ ነው። ዒላማውም ኤኒግማ ሳይሆን ሎሬንዝ የተባለው፣ 12 መንኮራኩሮችና በላያቸው 501 ፒኖች የነበሩት የጀርመን ጦር አዛዦች የምስጢር ማሽን ነበር። የብሌችሊው ምስጢር ፈቺ ቢል ተት ማሽኑን በዓይኑ ሳያይ፣ ከተጠለፈ መልእክት ብቻ ውስጣዊ አሠራሩን አውጥቶታል። ለእኔ በጦርነቱ ዘመን ከተሠሩት የአእምሮ ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ፍላወርስ ምን እንደፈታ ለመረዳት የወረቀት ጥብጣቡን መመልከት ይበቃል። ከኮሎሰስ በፊት የነበረው ሂዝ ሮቢንሰን የተባለው ማሽን ሁለት ጥብጣቦችን እኩል ያሽከረክር ነበር፤ በአንዱ ላይ የተጠለፈው መልእክት፣ በሌላው ላይ የሎሬንዝ መንኮራኩሮች ቅደም ተከተል ተበስቷል። ጥብጣቦቹን የሚነዳው ባለጥርስ ጎማ ወረቀቱን ይስበዋል፣ ይለጥጠዋል፤ አንዱ በአንድ ቀዳዳ ያህል ከቀደመ ማሽኑ ሁለቱን እያነጻጸረ የሚያደርገው ቆጠራ በሙሉ ይበላሻል። ፍላወርስ ሁለተኛውን ጥብጣብ አስወገደውና የመንኮራኩሮቹን ቅደም ተከተል በኤሌክትሮኒክ መንገድ እዚያው ማሽኑ ውስጥ አመነጨው። የቀረው አንድ ጥብጣብ በለስላሳ ጎማዎች ላይ ይሮጣል፤ የመሐሉ ትናንሽ ቀዳዳዎችም ለመጎተቻ መሆናቸው ቀርቶ በብርሃን እየተነበቡ የማሽኑን ምት የሚሰጡ ሆኑ። ወረቀቱ ቢለጠጥ ምቱም አብሮት ስለሚሄድ ስህተት አይፈጠርም። ፍጥነቱ በሰከንድ 5,000 ፊደል ነው። ከዚያ በላይ ኤሌክትሮኒኩ ቢችልም ወረቀቱ ይበጠሳል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የሚፈለገው የሁለት የሎሬንዝ መንኮራኩሮች መነሻ ቦታ ነው፤ አንዱ 41፣ ሌላው 31 ቦታ ስላለው 1,271 ጥምረቶች ይፈተሻሉ። ለእያንዳንዱ ጥምረት ጥብጣቡ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። መልእክቱ 5,000 ፊደል ከሆነ አንድ ዙር አንድ ሰከንድ ነው፤ ጠቅላላው ከ20 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1944 ሥራ የጀመረው ሁለተኛው ዓይነት ኮሎሰስ አምስት ስሌቶችን ጎን ለጎን ስለሚሠራ ይህ ጊዜ ወደ አራት ደቂቃ ገደማ ወረደ።

ብዙዎች ያን ያህል ቫልቭ አንድ ላይ ሊሠራ አይችልም ይሉ ነበር፤ አንዱ ሳይቃጠል ሰዓት አይሞላም ብለው። ፍላወርስ ግን ከስልክ ሥራው የሚያውቀው ነገር ነበረው፦ ቫልቭ በአብዛኛው የሚሞተው ሲበራና ሲጠፋ፣ ሽቦው ሲግልና ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ኮሎሰስ አንዴ ከበራ እንዳይጠፋ ተደረገ።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ ያለው እ.ኤ.አ. የ1951ዱ ሃርዌል ዴካትሮን ኮምፒዩተር ለጀማሪ ከሁሉም የተሻለ መምህር ነው። እያንዳንዱ አኃዝ በአንዲት የኒዮን ቱቦ ውስጥ የምትንቀሳቀስ ብርሃን ሆኖ ይታያል፤ አንድ ማባዛት እስከ 10 ሰከንድ ስለሚፈጅ ዓይን ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ይከተለዋል።

ወደ ማንችስተር ለመሄድ አንድ ጣቢያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚልተን ኪንስ ሴንትራል መሻገርና ከዚያ ወደ ማንችስተር ፒካዲሊ ጣቢያ የሚሄደውን ባቡር መያዝ ነው። በሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም የሚገኘው ቤቢ የተባለው ማሽንም ቅጂ ነው። ዋናውን የሠሩት ፍሬዲ ዊሊያምስ፣ ቶም ኪልበርንና ጄፍ ቱቲል ናቸው። ኮሎሰስ ሥራው የሚቀየረው በማብሪያ ማጥፊያዎችና በሽቦ መሰኪያዎች ነበር፤ ቤቢ ግን ፕሮግራሙን ከቁጥሮቹ ጋር በአንድ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይይዛል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1948 እንዲህ የተቀመጠ ፕሮግራም በኤሌክትሮኒክ ማሽን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ።

ማህደረ ትውስታው እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ስክሪን ያለ የካቶድ ሬይ ቱቦ ነው፤ 32 መስመሮች በ32 ቢት፣ በድምሩ 1,024 ቢት። ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 የሚይዝ ትንሹ የመረጃ አሃድ፣ እዚህ በመስታወቱ ላይ የሚቀር የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ይህ ሙል ከሰከንድ ክፍልፋይ በኋላ ስለሚፈስ ማሽኑ ያለማቋረጥ አንብቦ መልሶ ይጽፈዋል። የቱቦው ፊት በብረት የተሸፈነ በመሆኑ ይዘቱ የሚታየው ከጎኑ በተያያዘ ሌላ ቱቦ ላይ ነው። ስክሪኑን የሚያነብ ሰው ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ቢት በግራ በኩል መሆኑን ካላወቀ ቁጥሩን ይገለብጠዋል።

ቤቢ መደመር አይችልም፤ መቀነስና የአንድን ቁጥር የመደመሪያ ወይም የመቀነሻ ምልክት ገልብጦ መጫን ብቻ ይችላል። ሀ እና ለን ለመደመር ሀን ምልክቱን ገልብጦ መጫን፣ ከዚያ ላይ ለን መቀነስ፣ ውጤቱን ማስቀመጥ፣ ያስቀመጡትን እንደገና ገልብጦ መጫን፦ አራት ትእዛዝ ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራም የ262,144ን ትልቁን አካፋይ፣ ከራሱ በቀር፣ የሚፈልግ ነበር። ማሽኑ ማካፈልም ስለማይችል ከ262,143 ወደ ታች እየወረደ እያንዳንዱን ቁጥር በተደጋጋሚ በመቀነስ ፈተሸ። 52 ደቂቃ ከፈጀበት በኋላ 131,072 ላይ ቆመ። ማሽኑ የሚበራበትን ሰዓት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ጠፍቶ ከሚታይ ማሽን ይህን ሁሉ ማንበብ አይቻልም።