ዛሬ እኮ መድኃኔዓለም ነው

ጠዋት 2 ሰዓት ከ40 ላይ ስልኬ ጮኸ። ኮምቦልቻ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ቆሜያለሁ። ልጁ ባነራችንን መሬት ላይ ዘርግቶ ጠርዝ ጠርዙን ቀለበት ይመታበታል። ደዋዩ ለሥልጠናው ከአዲስ አበባ የጋበዝናቸው ዶክተር ናቸው።

«ወንድሜ፣ እንደምን አደርክ? አዳራሹ ጋ ደርሻለሁ። በሩ ተቆልፏል። መግቢያው በሌላ በኩል ነው እንዴ?»

የቱ አዳራሽ ልል ነበር፤ ዋጥኩት።

«ዶክተር፣ ደሴ ነዎት እንዴ?»

«ታዲያ የት ልሁን?»

ሥልጠናው ነገ ነበር።

የምሠራበትን ግቢ ስም ልተወው። ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ሥልጠናና ወርክሾፕ ሲኖር ደብዳቤ የማረቅቀው፣ አዳራሽ የማስይዘው፣ ሻይ ቡናውን የማዘው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ 40 ወጣት መምህራንን ለሁለት ቀን ልናሠለጥን ነበር። ርዕሱ የምርምር ጽሑፍ አዘገጃጀት ነው። ዞቴሮ በሚባለው ነጻ የማጣቀሻ ሶፍትዌር ላይም ተግባራዊ ልምምድ አለው። ዶክተሩ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ነገራቸው ሁሉ በሰዓቱ የሆነ ሰው ናቸው። ትኬት አትግዙልኝ፣ ማደሪያም አትያዙልኝ፣ በራሴ መኪና እመጣለሁ ብለው 400 ኪሎ ሜትር ነድተው መጡ። ደሴ ይበርዳል ብለው ኮምቦልቻ አደሩ። እኔ ባነር ላመጣ በጠዋት ስወርድ እሳቸው ሊያሠለጥኑ ይወጣሉ። ሐረጎ ላይ፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ ተላልፈናል ማለት ነው።

ሰኞ ዕለት ደውዬላቸውም ነበር። «ሁሉ ዝግጁ ነው?» አሉኝ። «ዝግጁ ነው» አልኩ። «እንግዲህ በቀኑ እንገናኝ» ተባባልንና ዘጋን። በየትኛው ቀን እንደሆነ አንዳችንም አላነሳንም። ምን ሊባል?

ስልኩን እንደያዝኩ ዓይኔ ባነሩ ላይ ወደቀ። ላይኛው መስመር በአማርኛ «ጥር 28–29 ቀን 2012 ዓ.ም.» ይላል። ታችኛው በእንግሊዝኛ ፌብሩዋሪ 5–6። ለማተሚያ ቤቱ ልጅ «ዛሬ በፈረንጆቹ ስንት ነው?» አልኩት። ስልኩን አየና «5» አለኝ። ወዲያው መዶሻውን አስቀመጠ። እሱም ገብቶታል።

ስህተቱ የእኔ ነው፤ አንድ ቀን። ጥርን ወደ ፈረንጆቹ ስቀይር 8 እደምራለሁ። ለመስከረምና ለጥቅምት 10፣ ለኅዳርና ለታኅሣሥ 9፣ ለጥር 8፣ ለየካቲት 7። ዓመታት ሙሉ ሠርቶልኛል። የማይሠራው ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ ነው። 2011 ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜ 6 ሆነች። የ2012 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 መጥቶ እስኪያስተካክለው ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ስለዚህ ጥር 28 ፌብሩዋሪ 6 ነው እንጂ 5 አይደለም።

የሚያናድደው ይህን አለማወቄ አይደለም። አውቃለሁ። በዚያው ዓመት ገናን ታኅሣሥ 28 ስናከብር «ዘመነ ዮሐንስ ነዋ» ብዬ ቤት ውስጥ ያስረዳሁት እኔው ነኝ። ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ነበር የዋለው። ቤት የማውቀውን ቢሮ ስገባ ረሳሁት።

ደብዳቤው ደግሞ ብቻውን አልወጣም። አራት ሰው አይቶታል። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው። የሻይ ቡናው ሒሳብ ላይ ሦስት ጊዜ ተመልሶብኛል። ቀኑን ያየ ግን የለም። እኛ ጋ ብር ያለበት መስመር ሁሌም አንባቢ አያጣም። እኔም ብሆን «ሐሙስ» የምትል አንዲት ቃል ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ዶክተሩ ገና አዲስ አበባ ሳሉ «ሐሙስ እኮ 6 ነው» ብለው ይደውሉልኝ ነበር።

ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ ከፊታችን የጫነ ሲኖትራክ ነበር። ደሴ ስደርስ 4 ሰዓት ሊሆን ነው። በመንገዱ ሁሉ የምላቸውን ሳጠና ነበር የመጣሁት።

ዶክተሩ ጥበቃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ላይ፣ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። በአንድ እጃቸው ቡና፣ በሌላው ቆሎ። ከጎናቸው ዘበኛው አባባ። እየሳቁ ነው።

«ጥፋቴ ነው፣ ዶክተር፣ ቀኑን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተወው፣ አባባ ነግረውኛል» አሉኝ።

ለካ እኔ መንገድ ላይ ስሟሟት ነገሩ ተፈቷል። ዶክተሩ በሩን ሲገፉ አባባ መጥተው «ጌታው፣ ዛሬ እኮ መድኃኔዓለም ነው። የነሱ ስብሰባ በአማኑኤል ነው የተባለው» አሏቸው። 27 እና 28። አለቀ። አባባ ሙስሊም ናቸው። ጁምዓ አያመልጣቸውም። ቀን የሚቆጥሩት ግን በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በመድኃኔዓለም ነው። ወሎ ውስጥ ይህ ማንንም አይገርምም፤ ዶክተሩን ግን በጣም አስገረማቸው። እኔን «አብሽር፣ ሰው መጣ እንጂ አልሄደ» ብለው አባባ ለእኔም ቡና ቀዱልኝ።

ችግሩ ግን አልሄደም። ዶክተሩ አርብ ከሰዓት አዲስ አበባ ላይ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ይፈትናሉ። አርብ በሌሊት መነሳት አለባቸው። የእኛ ሥልጠና ሐሙስና አርብ ነው። ተሠልጣኞቹ ግማሾቹ ክፍል ውስጥ እያስተማሩ ነው፤ የኮምቦልቻው ግቢ ሰዎችም ነገ ነው የሚመጡት። የሻይ ቡናዋ ሴትዮ «ለነገ ነው ሊጥ ያቦካሁት» አለችኝ። እውነቷን ነው።

በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጻፍኩ። በየቢሮው እየዞርኩ ሰው ለመንኩ። 8 ሰዓት ላይ 14 ሰው አገኘሁ። አዳራሹን ትተን አንድ የኮምፒውተር ክፍል ገባን። ዶክተሩ የዞቴሮውን ክፍል ለእነዚህ ጀመሩላቸው። «እናንተ አርብ ለሌሎቹ ታሳያላችሁ» አሏቸው። ሁሉም እሺ አለ።

ሐሙስ ሞቅ ያለ ነበር፤ አዳራሹ ሞላ። ባነሩ ላይ የፈረንጆቹን ቀን በነጭ ፕላስተር ሸፍነን ሰቀልነው። ፎቶው ላይ እስካሁን ያስታውቃል። አንድ ሰው ስፖንሰር የከለከላችሁ ነው የሚመስለው ብሎኛል።

አርብ ግን እንደፈራሁት ሆነ። ዶክተሩ ሄደዋል። «እናሳያለን» ካሉት 14 ሰዎች ሁለት ብቻ መጡ። ሁለቱ ልጆች የተቻላቸውን አደረጉ። ከሰዓት ስቆጥር አዳራሹ ውስጥ 9 ሰው አለ። አቴንዳንሱ ላይ 31 ፊርማ። ስለ አቴንዳንስ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ሰርተፍኬቱ ደግሞ ቀድሞ ታትሟል፣ ተፈርሟል። የፈረሙት ኃላፊ ለስብሰባ ወጥተዋል። እንደገና ይታተም ብል ሒሳብ ክፍል ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። እንዳለ አደልነው። 40 ሰርተፍኬት፣ በአማርኛው በኩል ትክክለኛ ቀን፣ በእንግሊዝኛው በኩል አንድ ቀን የቀደመ። አንዱ ተሠልጣኝ ለሌላ ሥራ ሲያመለክት «የትኛው ቀን ነው የሠለጠንከው?» ተብሎ ማስረጃ ልጻፍለት መጥቶ ነበር። ጻፍኩለት። ምን ብዬ እንደጻፍኩ ግን አልናገርም።

ከዚያ ወዲህ ከእጄ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ የዕለቱ ስም አለበት። ሰኞ፣ ማክሰኞ ተብሎ በሁለቱም ቋንቋ። አንዳንዱ አለቃ «ይሄ ምን ያደርጋል?» ይላል። ያድርግ አያድርግ፣ አላወጣውም።

አራት ዓመት አልፎ 2016 መጣ። እንደገና ዘመነ ዮሐንስ። መስከረም ላይ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ በትልቁ «አንድ ጨምር» ብዬ ለጠፍኩ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አዲሱ ልጅ የዐውደ ጥናት መጥሪያ ይዞልኝ መጣ። ኅዳር 20፣ ኖቬምበር 29 ይላል። ወረቀቱን ወደ እሱ አዞርኩት።

«ኅዳር 20 ማን ነው?»

«ሐሙስ።»

«ኖቬምበር 29ስ?»

ስልኩን አወጣ። አየ። ደግሞ አየ። ቀና ብሎ የለጠፍኩትን አነበበ።

«ጋሼ» አለኝ ዝግ ብሎ፣ «ባነሩ እኮ ትናንት ታትሟል።»