ሃኦሪ ሲለበስ

የጃፓኑን ሃኦሪ ከኪሞኖ ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው። ኪሞኖ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል፤ የግራው ወገን በቀኙ ላይ ተደርቦ ኦቢ በሚባለው ሰፊ መቀነት ይታሰራል። ቀኙ ከላይ ከዋለ ግን የሬሳ አለባበስ ነው፤ እኛ ነጠላ ተዘቅዝቆ ስናይ ሐዘን እንዳለ እንደምናውቀው፣ ጃፓኖችም ይህን ባንድ እይታ ይለዩታል። ሃኦሪ በኪሞኖው ላይ የሚደረበው አጭር ልብስ ነው። ፊቱ አይደራረብም፣ ቁልፍ የለውም፣ መቀነትም አይፈልግም።

ስለዚህ ሐር ሃኦሪን እንደ ጋዋን ወገብ ላይ ጠፍሮ ማሰር ያሳዝነኛል። በሁለቱም ጎን፣ ከብብት በታች፣ ማቺ የሚባል ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ጠባብ ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቶበታል። ፊቱ ክፍት ሆኖ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ የሚያደርገው እሱ ነው፤ በመቀነት ሲታሰር ጎኑ ይቆዘራል፣ ጀርባው ይጨማደዳል። ልባሽ ገበያ ላይ ሃኦሪን ካጠረ ኪሞኖ የምንለይበትም ምልክት ማቺ ነው።

አለባበሱ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮሌታው ላይ ነው። ኮሌታው ሳይታጠፍ ከተለበሰ ማጅራት ላይ ይገተርና ሰውየውን አንገት አልባ ያስመስለዋል። ከመልበስ በፊት ከማጅራቱ ጀምሮ ግማሹን ወደ ውጭ ማጠፍ፣ እጥፋቱን በሁለቱም ትከሻ ማሳለፍ፣ ከዚያ በታች ጨርቁ ራሱ የያዘውን መስመር እንዲከተል መተው ነው። ከለበሱ በኋላ በእጅ ወደ ኋላ እየዳበሱ ማስተካከል የኪሞኖውን ኮሌታ አብሮ ያዛባል። ክንድ ሲገባም የኪሞኖውን እጅጌ ጫፍ በጣት ይዞ ማስገባት ነው፤ አለዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል።

የእጅጌው ልክ ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ሃኦሪው ወደ እጅ አንጓ በኩል ከኪሞኖው 1 ሳንቲሜትር ያህል ይረዝማል፤ ተንጠልጣዩ የእጅጌ ክፍል ግን ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲሜትር ያጥራል። የሴቶቹ እጅጌ በብብት በኩል ክፍት ስለሆነ ልኩ ካልገጠመ የውስጡ ጨርቅ በዚያ ያፈተልካል።

ፊቱን የሚያገናኘው ሂሞ የሚባል አጭር የተጎነጎነ ገመድ ነው። ደረት ላይ ካሉት ትናንሽ ቀለበቶች ጋር ይያያዛል፤ የሚውልበት ከፍታ ኦቢው ላይ ከሚታሰረው ገመድ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ቢል ያምራል። ላላ ብሎ መዋል አለበት። ከጠበቀ ኮሌታውን ስቦ ትከሻ ላይ መስመር ያወጣል።

የወንዶቹ ሃኦሪ ውበቱን በገበሩ ይደብቃል። በኤዶ ዘመን (1603–1868 እ.ኤ.አ.) የጃፓን መንግሥት ተራው ሕዝብ እንዳይሽቀረቀር ሕግ ሲያወጣ፣ ውጩ ጥቁር ወይም ግራጫ ሆኖ ቀረ፤ የተራራውና የነብሩ ሥዕል ወደ ውስጥ ገባ። ሲያወልቁት ብቻ የሚታይ ሥዕል! ከዚህ የበለጠ ኩሩ ልብስ አላውቅም።

ሐሩ ውሃ ሲነካው መፈተግ ክልክል ነው። በደረቅ ነጭ ጨርቅ ጫን እያሉ ማምጠጥ ነው፤ የተፈተገ ሐር ቃጫው ይነሳና ነጣ ያለ ጠባሳ ይቀራል፤ ቀለም በመንከር አይመለስም። ቺሪመን የሚባለው ሸካራ ሐር ደግሞ ክሩ እጅግ ስለተገመደ ውሃ ሲገባው ይኮማተራል።

ካወለቁት በኋላ ቀጥ ባለ ዘንግ መስቀያ ላይ፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ለጥቂት ሰዓት ማናፈስ ይበቃዋል። ለቀናት ከተንጠለጠለ በራሱ ክብደት ይለጠጣል። ከዚያ በስፌቱ መስመር አጥፎ በወረቀት መጠቅለል፤ ወረቀቱ እርጥበት ስለሚጠጣ ቢጫ ሲሆን ይቀየራል። የብል መድኃኒት ከተጨመረም አንድ ዓይነት ብቻ፣ ጨርቁን ሳይነካ፤ ናፍታሌንና ካምፎር ከተገናኙ ይቀልጡና ሐሩ ላይ እድፍ ይተዋሉ።