የደብረ ብርሃኑ 1 እና የአንኮበሩ ፯

ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት። ያደርኩበት ሆቴል ግን የሰጠኝ አንዲት ስስ ብርድ ልብስ ብቻ። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጥቅምት! ጃኬቴን ሳላወልቅ፣ ካልሲ ደርቤ አደርኩ። ሙቅ ውኃው «ጠዋት ይመጣል» ተባለ። ጠዋትም አልመጣም።

ሂሳብ ልከፍል ስወርድ ጭቅጭቅ ደረስኩ። አንድ ጀርመናዊ ወጣት ያደረው አንድ ሌሊት፣ ልጅቷ የምትጠይቀው የሰባት። ቅጹን የሞላው ራሱ ነው። የጻፈው 1 ከታች ረዥም ጭረት ሽቅብ ወጥቶለት ከጫፉ ቁልቁል ይወርዳል፤ በኛ ዓይን ሰባት ነው። እነሱ ዘንድ ግን 7 ወገቡ ላይ በአጭር መስመር ስለሚቆረጥ አይምታታባቸውም። አሜሪካኖች ደግሞ 1ን ቀጥ ያለች ጭረት አድርገው ስለሚጽፉ 7ን የሚቆርጡት ጥቂቶች ናቸው። የልጁ ስልክ ቁጥር ውስጥ የተቆረጡ 7ቶች ነበሩ። «ይኼ ሰባት ከሆነ ያኛው ምንድነው ታዲያ?» ስላት ሳቀችና ሰረዘችለት። የኔ ላይ ግን ፍንክች የለም፤ ላላየሁት ሙቅ ውኃ ጭምር 900 ብር ከፈልኩ።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ፣ እኛ ቢሮ 7ን ሳይቆርጥ የሚያመጣ ሰው ሰነዱ ይመለስበታል። 1 በአንዲት ጭረት 7 ትሆናለች፤ ቼክ ላይ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም የሚጻፈው በከንቱ አይደለም። (ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ የተነሳ የአስቤዛ ዝርዝር መጻፍ ትቷል።)

ወደ አንኮበር በሚኒባስ ሄድኩ፤ ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፣ እንቅልፌን ነበር የምከፍለው። መድኃኔ ዓለም ቅጥር ግቢ ጥላ ሥር አንድ አረጋዊ መሪጌታ የመዋጮ መዝገብ ዘርግተው አገኘሁ። ቀኑ በግዕዝ፣ ብሩ በተለመደው አኃዝ። ከላይና ከታች መስመር የተሰመረባቸው ፮ እና ፯ በእሳቸው እጅ መንትያ ሆነውብኝ፣

«የኔታ፣ ይኼ ስድስት ነው ሰባት?»

«ሰባት ነዋ፣ ልጄ! አጠገቡ ሥላሴ ይላል እኮ። ሥላሴ በስድስት ይውላል እንዴ?»

ዓመተ ምሕረቱን ጻፉልኝ፦ ፳፻፲፯፤ ሃያ መቶ ዐሥራ ሰባት። ቅርጻቸው ከግሪክ ፊደላት የመጣው እነዚህ አኃዞች ዜሮ የላቸውም፤ ዐሥሩም ሃያውም መቶውም የየራሱ ምልክት አለው። ፶ ብር የተጻፈበት ላይ ዜሮ ቀጥሎ አምስት መቶ ማድረግ አይቻልም ማለት ነው። ደስ አለኝ።

«ታዲያ ብሩንም ለምን በግዕዝ አይጽፉትም?»

«ገንዘብ ያዡ አያነበውማ!»

መቶ ብር ሰጠኋቸው። ፻ ብለው ጻፉና ለገንዘብ ያዡ ሲሉ ከጎኑ 100 ጨመሩበት። ደረሰኝ ጠየቅኩ። የለም።